የሌላውን ሥዕል መቅዳት ስርቆት ነውን?

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ የሥዕል ትምህርት ቤት ሳይገቡ የዘይት ቀለም አሣሣልን ለመማር የሚጥሩ ወጣቶች አሉ። የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ ከመጽሐፍ ወይም ከስልክ እያዩ በመቅዳት ይማራሉ። ልጇ በዚህ መንገድ የሚማር አንዲት ካቴኪስት፣ ቅጂውን ለመግዛት የፈለገ ሰው ከግርጌው የልጁን ስም ብቻ እንዲጽፍበት መጠየቁን ነግራኝ፣ «ሲጀመር መቅዳቱስ ከስርቆት በምን ይለያል?» አለችኝ። ጥያቄው ለሌሎች ወላጆችም ይጠቅማልና በዚህ ገጽ መመለስን መረጥሁ።

ሥዕሉ ፈረንሳዊው ሻርዳን እ.ኤ.አ. በ1740 ለንጉሥ ሉዊ 15ኛ ያበረከተው «ጸሎተ ማዕድ» ነው፤ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። ቁመቱ ግማሽ ሜትር አይሞላም። መልአክም አክሊለ ብርሃንም የለበትም። አንዲት እናት ነጭ ጨርቅ በለበሰ ማዕድ ላይ ጎንበስ ብላ ምግብ ስታቀርብ፣ ትንሹ ልጅ እጆቹን አጋጥሞ ይጸልያል፤ ከወንበሩ ላይ መጫወቻ ከበሮ ተንጠልጥሏል። ሻርዳን ራሱም ይህን ሥዕል ደጋግሞ ሠርቶታል፤ በ1744 የሠራው በሩሲያ ሄርሚታዥ ይገኛል።

እንዲህ ያለውን ሥራ መቅዳት ቀላል አይደለም። ተማሪው ሸራውን በእርሳስ በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ ይነድፋል፤ ቀጥሎ ቡናማ ቀለም በአኳራጅ አቅጥኖ ጥላውን ያኖራል። የተልባ ዘይት የሚበዛበት ቀለም ከላይ ይመጣል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቀለሙ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። የማዕዱ ጨርቅ ነጭ ነውና ነጭ ቀለም ይበቃዋል ብሎ የሚጀምር ሁሉ፣ በውስጡ ግራጫ፣ ቢጫና ሰማያዊ እንዳለ የሚያውቀው ለሁለተኛ ጊዜ ሲያየው ነው። ቸኩሎ ከመፍረድ ታቅቦ ደጋግሞ ማየት፣ በእኔ አስተያየት፣ የትሕትና ልምምድ ነው።

በሀገራችንም መቅዳት እንግዳ አይደለም። በሮም የቅድስት ማርያም መጆሬ ባዚሊካ የምትከበረው የእመቤታችን ሥዕል በ17ኛው መቶ ዘመን በኢየሱሳውያን አማካይነት በሀገራችን ታውቃ ነበር። ሠዓሊዎቻችን የተደራረቡትን እጆችዋንና የያዘችውን መሐረብ ጠብቀው ቀዱ፤ ሚካኤልንና ገብርኤልን ግን በግራና በቀኝ አቆሙላት። ኢየሱሳውያን በ1630ዎቹ ከሀገር ሲባረሩ ሥዕሏ ቀረች፤ በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትም እስከ ዛሬ ትከበራለች። ይህን ስርቆት ያለ ሰው አልሰማሁም።

ታዲያ ሐሰቱ የት ላይ ይጀምራል? ቅዱስ አጎስጢኖስ ገና ሳይጠመቅ በጻፈው «ሶሊሎኪያ» በተሰኘው ድርሰቱ፣ የፈረስ ሥዕል እውነተኛ ሥዕል የሚሆነው እውነተኛ ፈረስ ስላልሆነ ነው የሚል ሐሳብ ያነሣል። ቅጂም እንዲሁ ነው፤ ቅጂነቱን እስካልደበቀ ድረስ እውነተኛ ቅጂ ነው። በሉቭር የሚቀዱ ሠዓሊዎች መጠኑን ከዋናው እኩል እንዳያደርጉ የሚታዘዙትም አንዱ በሌላው ተተክቶ ሰው እንዳይታለል ነው። ሻርዳን በ1779 ስለ ሞተ ሥዕሉን መቅዳት ማንም በሕግ አይከለክልም። ይሁን እንጂ የልጁ ስም ብቻውን ሲጻፍ ድርሰቱን ከሻርዳን ይወስዳል፤ ነገ ከገዢው ቤት የሚያየውንም እንግዳ ያታልላል።

ስለ ድካሙ ገንዘብ ቢቀበል ነውር የለበትም። ቀለምና ሸራ ውድ በሆኑበት በዚህ ጊዜ ገዢን መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ እገነዘባለሁ፤ ሆኖም ስሙን የሚጽፈው «ከሻርዳን የተቀዳ» ከሚል ቃል ጋር ይሁን፤ ገዢው እምቢ ካለም ሽያጩ ይቅር። እናቲቱ ልጁ መቅዳቱን ፈጽሞ እንዲተው መፈለግዋን ግን አልደግፍም። ይልቁንስ ይህን ሲጨርስ ዓይኑን ወደ ራሱ ቤት ቢመልስ ደስ ይለኛል፤ በእነርሱም ቤት መሶቡ ሳይከፈት ይጸለያል፣ በበሩም ብርሃን ይገባል።

ቃሉ በሸራው ጀርባም ቢጻፍ መልካም ነው፤ ፍሬም ሲለወጥ የግርጌው ጽሑፍ ሊሸፈን ይችላልና።