ከኋላ የሚሄደው ያስራል

ዱባይ ውስጥ ሞተር የሚወዱ ሁለት አብሮ አደጎች ነበሩ። ሳምንቱን ሲለፉ ይሰነብቱና የእረፍታቸው ቀን ሲደርስ ሞተራቸውን ጭነው ዱባይ አውቶድሮም ወደሚባለው የውድድር ትራክ ይሄዳሉ። ትራኩ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 የተከፈተ ነው፤ ዙሪያው 5.39 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በመኪና መንገድ ላይ ሊሞከር የማይገባው ፍጥነት እዚያ ይሞከራል።

ሁለቱም በአንድ ሰሞን ትንንሽ ካሜራ ገዙ። መዳፍ የማትሞላ፣ 150 ግራም ገደማ የምትመዝን ነገር ነች። እዚያው ጋራዡ ደርሰው አንዱም ሌላውም ከወንበሩ በስተኋላ፣ የሞተሩ ጅራት ላይ ለጠፉ።

ሞተራቸውን የሚሠሩላቸው ሸምገል ያሉ የአገራቸው ሰው ነበሩ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ ቁልፍ ሲያዞሩ የኖሩ ናቸው፤ ንግግር አያበዙም። ካሜራዎቹን አዩና ጠየቁ።

«መቼ ለጠፋችሁት?»

«አሁን ነው ጋሼ።»

«በምን ጠረጋችሁት?»

ልጆቹ ተያዩ። የሞተሮቹ ጅራት ፕላስቲክ በዋዜማው በፖሊሽ ተወልውሎ ያብለጨልጫል።

«ማጣበቂያ ፖሊሽ ላይ አይዝም። በአልኮል ጠርጋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ተጭናችሁ ለጥፋችሁ ማሳደር ነበረባችሁ። በሉ አሁን ገመድ እሰሩበት።»

«ኧረ ጋሼ፣ ቢወድቅስ! በራሴ ደሞዝ የገዛሁት ነው» አለ አንዱ።

«የኔም የራሴ ነው» አለ ሌላው።

ሽማግሌው አልተከራከሩም። «እውነት ነው፤ የየራሳችሁ ነው» አሉ። «እንግዲያው እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ አንተ ቅደም፤ አንተ ደግሞ ተከተለው። ቀጥሎ ትለዋወጣላችሁ።» ይህን ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ተከታዩ ልጅ ጓንቱን አጠለቀ። ሄልሜቱን አነሳ፤ ግን አላጠለቀውም። ዓይኑ የጓደኛው ሞተር ጅራት ላይ ቀረ። ጓንቱን መልሶ አወለቀና ሄዶ ካሜራዋን በሁለት ጣቱ ወዘወዛት። አልተነቃነቀችም። ጠበቅ አድርጎ ሳባት። አሁንም ያዘች። ልጁ ግን ከዚያ አልሄደም፤ ቆሞ ያያታል። የካሜራዋ ባለቤት «ምን ሆንክ?» ቢለው ዝም አለው።

«ጋሼ፣ ገመድ ይኖርዎታል?»

«ለማን ነው?»

«ለሱ።»

«ካሜራው የራሱ አይደለም እንዴ?»

«የራሱ ነው። ከኋላው የምሄደው ግን እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ቀጭን፣ ጠንካራ ገመድ ሰጡት። ልጁ አንዱን ጫፍ ከካሜራዋ፣ ሌላውን ከተለጠፈው መያዣ ጋር አሰረ። ሽማግሌው መጥተው ፈቱት። «መያዣው ሲላቀቅ ገመዱም አብሮት ይሄዳል» አሉና ጫፉን ከወንበሩ ሥር ካለው ብረት ጋር ቋጠሩት። ከዚያ ገመዱን ወደ ታች ለቀው ካሜራዋ የት እንደምትደርስ አዩ። ወደ ኋላው ጎማ ተጠጋች። ፈትተው አሳጠሩት። «ጎማና ካቴና ጋ የሚደርስ ገመድ ባይኖር ይሻላል።»

ሌላው ልጅ ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያይ ነበር። እሱም ተራው ሲደርስ ከኋላ እንደሚሆን ትዝ አለው። ከገመዱ ቆረጠና ወደ ጓደኛው ሞተር ሄደ።

ገቡ። ጥቂት ዙር እንደሄዱ፣ በረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ፊተኛው ፍሬን ሲይዝ መያዣው ከነካሜራው ተላቀቀ። ካሜራዋ ገመዷ ላይ ተንጠልጥላ የሞተሩን ጅራት ትደበድብ ጀመር። ተከታዩ አይቶ ራቅ አለ። ከዳር የቆሙት ተቆጣጣሪዎች ብርቱካናማ ክብ ያለበትን ጥቁር ባንዲራ ለፊተኛው አሳዩት፤ ሞተርህ ላይ ችግር አለና ውጣ ማለት ነው። ልጁ ወጣ። ሄልሜቱን ሲያወልቅ የመጀመሪያ ቃሉ «ምን አጠፋሁ?» የሚል ነበር። የሞተሩ ድምፅ ሸፍኖበት ከኋላው የሆነውን ምንም አልሰማም።

ታሪኩ ይኸው ነው። ሒሳቡን ደግሞ እንየው። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሰከንድ 50 ሜትር ያልፋል። ከፊቱ ካለው ጓደኛው የተላቀቀችውን ካሜራ አይቶ፣ አስቦ፣ እጁ እስኪታዘዝ ድረስ ደርሶባታል። የምትወድቀውም ሁሉም ሞተረኛ በሚሄድበት መስመር ላይ ነው፤ እሱ ቢያመልጣት ቀጥሎ የሚመጣው አለ።

ሽማግሌው ይደር ያሉትም ያለ ምክንያት አይደለም። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚውለው ጠንካራ ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ በተለጠፈ በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚኖረው ጉልበት ግማሽ ያህል ነው። በ24 ሰዓት 90 በመቶ ይደርሳል፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው በ72 ሰዓት ነው። ይህም አየሩ መካከለኛ ሲሆንና የተለጠፈበት ቦታ ንጹሕ ሲሆን ነው። በእጅ ሲሳብ መያዙ ብዙ አያስተማምንም፤ እጅ የሞተርን ንዝረት፣ የነፋሱን ግፊትና የበረሃውን ሙቀት አንድ ላይ ማምጣት አይችልም። ከሥሩ አየር አስወጥቶ የሚጣበቀው የጎማ መያዣማ ሙቀትና ንዝረት ሲበዛበት ይለቃል።

ከሞተሩ ይልቅ ሄልሜቴ ላይ ልለጥፍ ለሚል ደግሞ፣ ሞተረኞች ትራክ የሚገቡበትን ቀን የሚያዘጋጁ ብዙዎች ይህን ይከለክላሉ፤ ደግ አደረጉ። የወደቀ ሰው ሄልሜት አስፋልቱ ላይ መንሸራተት አለበት፤ የተለጠፈ ነገር ካገደው አንገት ይጠመዘዛል።

ትራክ የምትገቡ ወንድሞችና እህቶች፦ ካሜራችሁን ቀደም ብላችሁ ለጥፉ፤ ገመዱን አሳጥራችሁ ከሞተሩ ብረት ጋር እሰሩ። ከዚያም ከፊታችሁ የሚሄደውን ሰው ገመድ በእጃችሁ ሳትፈትሹ ሄልሜታችሁን አታጥልቁ።