የተማሪው ዝንባሌና የትምህርቱ ሥርዓት

ትምህርት ለተማሪው ጥቅም የተዘጋጀ መሆኑን የሚክድ የለም። ምን መማር እንደሚገባው ግን ራሱ ይምረጥ ወይስ ታላላቆቹ ይምረጡለት የሚለው ጥያቄ፥ መምህራንንና የትምህርት ሹማምንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። ክርክሩም ቀላል አይደለም፤ በአሳብ ስንሳሳት የሚባክነው የልጆች ዕድሜ ነውና።

ስለ ዝንባሌ አጥብቀው የተናገሩ ሊቃውንት በቂ ምክንያት ነበራቸው። ዣን ዣክ ሩሶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1762 ባወጣው «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉ፥ ሕፃኑን እንደ ትንሽ ጐልማሳ ማየትን ነቅፏል። ሌዎ ቶልስቶይም በ1859 በያስናያ ፖሊያና ለገበሬዎች ልጆች በከፈተው ትምህርት ቤት፥ ተማሪዎቹ በፈቃዳቸው ይመጡ፥ በፈቃዳቸውም ይሄዱ ነበር። ሁለቱም የያዙት አንድ እውነት አለ፤ ይኸውም ልብ ያልገባበት ትምህርት ከአንደበት አልፎ በአእምሮ አይሰነብትም የሚል ነው። በፍርሃት የተጠና ትምህርት ፈተናው ሲያልፍ አብሮ እንደሚያልፍ፥ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገር ግን ዝንባሌ ራሱ ከወዴት ይመጣል? አባቶቻችን «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ሰው የሚወደውን የሚመርጠው ካየውና ከሰማው ውስጥ ነው። መጻሕፍት በሞሉበት ቤት ያደገ ልጅ ንባብን ቢወድ፥ ከብት ሲጠብቅ ያደገው ደግሞ መጽሐፍን ቢሸሽ፥ ልዩነቱ ከተፈጥሮ ይልቅ ከዕድል የመጣ ነው። እንግዲህ ትምህርት ቤት የእያንዳንዱን ዝንባሌ እንደ መጣ ተቀብሎ የሚከተል ቢሆን፥ ለባለጸጋው ልጅ በሩን ሲከፍት በድኻው ልጅ ላይ ይዘጋበታል፤ ይህንንም ነፃነት ብሎ ይጠራዋል። ይህ ታላቅ በደል ይመስለናል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ በ1902 ስለ ሕፃኑና ስለ ትምህርቱ ሥርዓት ሲጽፍ፥ የልጁን ዝንባሌ የሚንቁትንም፥ እንደ ተፈጸመ ነገር የሚያከብሩትንም ሁለቱን ወገኖች የነቀፈው ስለዚህ ነው። ዝንባሌ የመንገድ መነሻ ነው፤ መድረሻው ገና ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። በቤተ ክህነት ትምህርታችን ሕፃኑ ፊደል ቈጥሮ፥ 150 መዝሙራት ያሉበትን ዳዊት እስኪደግም ድረስ፥ ምን ትወዳለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ከዚያ በኋላ ግን ስንቁን ቋጥሮ፥ ቁራሽ እየለመነ፥ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፥ ለቅኔ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ፥ ለአቋቋም ወደ ጎንደር የሚሄደው በራሱ ፈቃድ ነው፤ መምህሩንም ራሱ ይመርጣል። በቅኔ ቤትም ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት፥ መወድሱ ስምንት ቤት መሆኑ ለማንም አይለወጥም፤ በዚያ ልክ ውስጥ የሚቋጥረው ምሥጢር ግን የተማሪው የራሱ ነው። መሠረቱ የጋራ፥ ምርጫው የግል ሆኖ አንዱ ሌላውን ሲደግፍ እናያለን።

ምርጫ የሚገባበት ጊዜ ደርሶ ሳለ መከልከሉም የራሱ ጉዳት አለው። በእኛ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ፥ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ፥ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ሥርዓት ወጥቶ ነበር። አገር መሐንዲስና ሐኪም ያስፈልጋታልና አሳቡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ያልመረጠው ክፍል የደረሰው ወጣት፥ ለአቅመ ምርጫ ከደረሰ በኋላ ዳዊት እንደሚደግም ሕፃን መቈጠሩ ነው። አገርም ከእርሱ የምታገኘው ሥራ ልቡ የሌለበት ሥራ ይሆናል።

ስለዚህ ጥያቄው ማን ይምረጥ ከማለት ይልቅ መቼ ይምረጥ ቢባል ይሻላል እንላለን። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የትምህርቱን ዓይነት ታላላቆች ይወስኑ፤ መምህሩ ግን የልጁን ዝንባሌ እያየ የሚገባበትን በር ይፈልግለት። ለገበሬው ልጅ ሒሳብ ከእርሻው ስፋትና ከእህሉ ስፍር ቢጀመርለት፥ ትምህርቱ ሳይቀነስ መንገዱ ይቀናለታል። ብዙውን አይቶ ሲያድግ ደግሞ ምርጫው ለእርሱ ይተውለት። ሳያሳዩ ምረጥ ማለት ቸልተኝነት ነው፤ አሳይቶ መከልከልም ግፍ ነው። ተማሪው የሚወደውን ከመጠየቃችን በፊት የሚወደድ ነገር ልናሳየው ይገባናል።