ቍጣችን የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ሰሞን ከመዝሙር ጥናት በኋላ አንዱ ወንድማችን ሌላውን በሰው ፊት ክፉ ቃል ተናገረው። ይቅርታ እንዲጠይቅ ብንለው፣ «ምን ላድርግ፣ ኮከቤ ሐመል ነው፤ እሳት ነኝ» አለን። ሁላችንም ሳቅን። የተሰደበው ግን አልሳቀም። ስለዚህ ኮከብ ቈጠራ ምን እንደ ሆነ መርምረን ይህችን ጽፈናል።

የምዕራባውያን ኮከብ ቈጠራ ሥሩ ባቢሎን ነው። የባቢሎን ሰዎች ፀሐይ በዓመት ውስጥ የምታልፍበትን የሰማይ መንገድ እያንዳንዱ 30 ዲግሪ በሆነ 12 ክፍል ከፈሉት። ግሪኮች ተቀብለው አስፋፉት፤ በሁለተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው በጥሊሞስ ደንቡን በመጽሐፍ አደራጀው። ክፍሎቹ በአራቱ ባሕርያት ይመደባሉ። ሐመል፣ አሰድና ቀውስ የእሳት፤ ሠውር፣ ሰንቡላና ጀዲ የመሬት፤ ገውዝ፣ ሚዛንና ደለዊ የነፋስ፤ ሸርጣን፣ ዐቅራብና ሑት የውሃ ናቸው። ከመጋቢት 12 እስከ ሚያዝያ 11 ገደማ የተወለደ ሰው ሐመል ይባላል። ጠንቃቃ የሚባለው ኮከብ ቈጣሪ ግን በዚህ አያበቃም፤ በልደቱ ሰዓት ጨረቃና ፕላኔቶች የት እንደ ነበሩ፣ በምሥራቅ በኩል የትኛው ክፍል ይወጣ እንደ ነበር ያሰላል። ሰማዩንም ስለ ሀብት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ሥራ በሚናገሩ 12 «ቤቶች» ይከፍላል። በጋዜጣ የምናነበው በልደት ቀን ብቻ የሚነገረው ዓምድ የተስፋፋው በ1930 እ.ኤ.አ. አንድ የለንደን ጋዜጣ ስለ ልዕልት ማርጋሬት ልደት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ካወጣ በኋላ ነው።

የአገራችን ዐውደ ነገሥት ደግሞ የልደትን ቀን አይጠይቅም፤ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል ቈጥሮ በ12 ይገድፋል። እንግዲህ ያው አንድ ሰው በልደቱ ሐመል፣ በስሙ ሑት ሊሆን ይችላል። በየትኛው ይቈጣ? በየትኛውስ ይታገሥ?

ነገሩ ተፈትኗል። በ1985 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት እንደ ወጣው፣ ኮከብ ቈጣሪዎች የአንድን ሰው የልደት ሰማይ አይተው ከሦስት የጠባይ መግለጫዎች የእርሱን እንዲለዩ ተጠየቁ። ያገኙት ከሦስት አንዱን ያህል ነው፤ በዕጣም ቢሆን ይኸው ይገኛል። ታዲያ ሲነበብልን «ይህስ እኔ ነኝ» የምንለው ለምንድን ነው? በ1948 እ.ኤ.አ. ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ «የየራሳችሁ ጠባይ» ብሎ አንድ ዓይነት ጽሑፍ አደላቸው፤ ብዙውን የወሰደው ከኮከብ መጽሐፍ ነበር። ተማሪዎቹ ስለ ትክክለኛነቱ ከ5 ነጥብ በአማካይ ከ4 በላይ ሰጡት። ስለ ራሳችን ሲነገረን እናምናለን ማለት ነው።

«ሰብአ ሰገልንስ የመራቸው ኮከብ አይደለምን?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሰገዱት ለሕፃኑ ነው እንጂ ለኮከቡ አይደለም። መንገዱንም የሄዱት በገዛ እግራቸው ነው። ያዕቆብና ዔሳውም ተከታትለው ከአንድ ማኅፀን ወጡ፤ ኑሯቸው ግን ለየቅል ሆነ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው። አውግስጢኖስ በወጣትነቱ ኮከብ ቈጣሪዎችን ይጠይቅ ነበር፤ በኋላ እንደ ተረዳው፣ የኃጢአት ምክንያት በሰማይ ነው ማለት ሰውን ንጹሕ አድርጎ ጥፋቱን ሰማይን በፈጠረው ላይ መጣል ነው። ጥፋቱ የእኛ ካልሆነ ንስሐ ምን ይሠራልናል? አንዳንዳችን ፈጥነን የምንቈጣ፣ አንዳንዳችን የምንታገሥ ሆነን መወለዳችንን አንክድም። ይህ ግን ተጋድሏችን ከየት እንደሚጀምር ይነግረናል እንጂ ከተጋድሎ ነጻ አያወጣንም። ጓደኛን ወይም እጮኛን «ኮከባችን አይገጥምም» ብሎ መተውም ሰውየውን ሳያውቁ መፍረድ ነው።

የተሰደበው ወንድማችን እስከ ዛሬ ወደ መዝሙር ክፍል አልተመለሰም። የሰደበው አንድ ሰው ነው፤ የሳቅነው ግን ሁላችን ነን። ለዚያ ሳቅ የምናመካኝበት ኮከብ የለንም። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ወደ ቤቱ እንሄዳለን፤ ሐመል ነኝ ያለውም አብሮን ሊመጣ ተስማምቷል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።