እሑድና ሰኞ


ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባጸደቀው «ደስታና ተስፋ» በተባለው ሰነድ፥ በአፍ በምንመሰክረው እምነትና በዕለት ኑሮአችን መካከል ያለውን መለያየት ከዘመናችን ከባድ ስሕተቶች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል። ይህን ሲል የገሠጸው ከሓድያንን ሳይሆን እኛን ነው።

እሑድ በቅዳሴ «እግዚኦ ተሣሃለነ» እንላለን፤ ሰኞ ግን በሱቃችን ሚዛን እናዛባለን፥ በቢሮአችን ባለጉዳዩን «ነገ ተመለስ» እያልን እናመላልሳለን፥ የቤት ሠራተኛችንን ደመወዝ እናዘገያለን። ዘመናዊ ኑሮ በራሱ ጠላታችን አይደለም፤ የሚያሠጋን እምነት የግል ጉዳይ ነውና በጓዳ ይቀመጥ የሚለው ድምፅ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ድምፅ ይመቸናል፤ በጓዳ የተቀመጠ እምነት ሚዛናችንን አይመረምርምና። እንግዲህ በመጪው እሑድ ወደ ቅዱስ ቍርባን ከመቅረባችን በፊት ያዘገየነውን ደመወዝ እንክፈል።