ለአንክሮ ስለ ተፈጠሩት ነገሮችና ስለ ክረምት ሽርሽር

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ ሰማዩ ደመናውን አግተልትሎ፣ ልጆች ከመስኮት ሥር ሆነው የጎርፉን መውረድ በሚቆጥሩበት በዚህ ወራት፣ ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች አንዳንዶቹ ዝናቡ ፋታ በሰጠ ዕለት ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ እንጦጦ፣ ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ወይም በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሲወጡ፣ ሌሎቹ ደግሞ፣ ይልቁንም በዕድሜ የገፉትና በሃይማኖት የጸኑት፣ እንዲህ ያለው ውሎ ሥራ ፈትነት፣ ሰንበትንም በተድላ ሥጋ ማሳለፍ ሆኖ ይታያቸዋል። ነቀፌታቸው ከቅንነት የመጣ ነው። አባቶቻችን ወደ ዱር የሚወጡት እንጨት ለመልቀም፣ ሣር ለማጨድ፣ ማር ለመቁረጥ፣ አለዚያም ዓለምን ንቀው በጾምና በጸሎት ለመጋደል ነበርና፣ ሳይለቅም ሳይጸልይ ዛፍ አይቶ ብቻ የሚመለስ ሰው ለእነርሱ ምክንያት የሌለው መንገደኛ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ልንበላው፣ ልንለብሰው ወይም ልንሸጠው በማንችለው ነገር ፊት ቆሞ ደስ መሰኘት ለክርስቲያን የተገባ ነውን?

መልሱን ከሩቅ አገር ፈላስፎች መለመን አያስፈልገንም። የሥነ ፍጥረት መምህራን በ6ቱ ዕለታት የተፈጠሩትን 22 ፍጥረታት ሲያስተምሩ፣ ሰውና መላእክት የፈጣሪን ስም ለመቀደስና ክብሩን ለመውረስ እንደ ተፈጠሩ፣ የቀሩት ግን ለምግበ ሥጋና ለምግበ ነፍስ፣ ለአንክሮና ለተዘክሮ እንደ ተፈጠሩ ያስረዳሉ። ይህን ትምህርት ከልቡ የተቀበለ ሰው አንክሮ ከምግብ ጋራ ተሰልፎ መቆጠሩን ልብ ሊል ይገባዋል። ስንዴውን ያበቀለ አምላክ ፍሬው የማይበላውን ጽድም ያበቀለው ባለማወቅ ወይም በትርፍ ጊዜ አይደለምና፣ ለልጁ እንጀራውን ሰጥቶ አንክሮውን የነፈገ አባት ከተቀበለው አደራ እኩሌታውን ብቻ እንደ ከፈለ እቈጥረዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያናችንም ብትሆን ክረምትን ዓይን የሚከደንበት ወራት አላደረገችውም። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 በሚዘልቀው ዘመነ ክረምት፣ በቅዱስ ያሬድ ሥርዓት፣ ሊቃውንቱ ዘርንና ደመናን፣ መብረቅንና ነጎድጓድን፣ አፍላጋትንና ጠልን፣ ቀጥሎም የቁራ ጫጩቶችንና ደሴቶችን፣ ምግባቸውንም በተስፋ የሚጠብቁትን ፍጥረታት ሁሉ እያነሡ ያመሰግናሉ። ከእነዚህ ውስጥ በጣራ ሥር ተቀምጦ የሚታይ የትኛው ነው? በቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ድምፅ እንጂ ደመና በተራራ ጫንቃ ላይ ሲተኛ ያላየ፣ ወንዝንም ከድልድይ ላይ ቆሻሻ ተሸክሞ ሲያልፍ ብቻ የሚያውቅ የከተማ ልጅ፣ ማኅሌቱን በጆሮው ይሰማዋል እንጂ የተመሰገነበትን ነገር አያውቀውም። እንደ እኔ አሳብ፣ በክረምት ልጅን ወደ ዱር ማውጣት ለያሬድ የዜማ መጽሐፍ፣ ለድጓው፣ የዓይን ትርጓሜ መስጠት ነው።

ሱባን ከሌሎቹ አስቀድሜ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በወጨጫ ተራራ ምዕራባዊ ጎን ያለው ይህ ደን፣ በትውፊት እንደሚነገረው፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓመተ ምሕረት የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ባየ ጊዜ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥቶ ያስተከለው ነው። ይኸው ንጉሥ ነው፣ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለ ቀዳሚት ሰንበት ብዙ ዘመን ከተከራከሩና ከተሰደዱ በኋላ፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ያጸናው። ሰንበትን ያጸና እጅና ዘር ያዘራ እጅ የአንድ ሰው መሆናቸውን ሳስብ፣ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያ ጥላ የሚገባው አባወራ ከአባቶች ሥርዓት የወጣ መስሎ አይታየኝም። በደኑ ውስጥ ከጽዱ ጋራ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲሉም ኮሶ፣ ከዚያም ወደ ጫፉ አስታ ይገኛል፤ ጉሬዛ ነጭ ካባውን እየበተነ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲሻገር፣ የምኒልክ ድኩላም ብቅ ብሎ ሲሠወር ይታያል። በዚያ መካከል ልጅ ቀና ብሎ «አባባ፣ የዚህ ዛፍ ፍሬ ይበላል?» ሲል አባትየው «አይበላም» ብሎ ዝም ማለት የለበትም፤ ካልተበላ ለምን እንደ ተፈጠረ የሚነግርበት ሰዓት ያ ነውና።

ሰንበትን በድካም ብቻ የሚተረጉሙ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ፈጣሪ በሰባተኛው ቀን ያረፈው ደክሞ አይደለም፤ የማይደክም አምላክ ነውና። ከዕረፍቱ አስቀድሞ የሠራውን ሁሉ አየ፣ መልካምም ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህ ማየት ከዕረፍት የማይለይ ክፍሉ ነው። ቀኑን ሙሉ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ሥጋውን አሳርፎ ይሆናል፤ አርምሞም ለሚገባው ሰው ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የፍጥረትን መልካምነት አይቶ ከልጆቹ ጋራ የመሰከረ ሰው ለሰባተኛው ቀን ምሥጢር ይበልጥ የቀረበ ይመስለኛል።

ይሁንና በብዙ ቤት ሽርሽር የሚባለው ቀን ለአንድ ሰው ዕረፍት እንዳልሆነ ሳልናገር አላልፍም። የሰንበት ሕግ ለሎሌውና ለገረዱ፣ ለበሬውና ለአህያው ሳይቀር ዕረፍትን ያዘዘ ሲሆን፣ እናትየው ግን ከዋዜማው ጀምራ ወጥ ስትሠራ ታመሻለች፤ በማግሥቱም ረከቦቱና ስኒው፣ ከሰሉና ምድጃው ተጭኖ፣ ሌሎቹ ጉሬዛ ሲያዩ እርስዋ ጪስ ስታራግብ ትውላለች። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው የፍልሰታ ጾም በዚህ ረገድ በጎ መምህር ነው። ቅዳሜና እሑድ የሰዓት ጾም ባይኖርም ከሥጋና ከቅቤ ስለሚታቀቡ፣ ዳቦና ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንችም ለአንድ ቀን ይበቃል፤ ልጆችም በዚህ ጾም ከማንም ይልቅ ይተጋሉ። ጾሙ ከተፈታ በኋላም ስንቁ ከዚህ እምብዛም ባይከብድ መልካም ነው። ከሰሉ እቤት ይቅር፤ ለደኑም ሥጋት ነው። ቡናውን አባትየው ጧት በፔርሙዝ ይቅዳው፣ ቅርጫቱንም ትልልቆቹ ልጆች ይሸከሙ፤ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ፣ ከቅዳሴ እንደ ወጡ ሳይዘገዩ መነሣት ይሻላል።