ዕድሜን የሚያውቅ ልብስ

ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርጥ ፍለጋ ዱከም የሚወርድ ሰው ከሥጋው ሌላ የሚያየው አያጣም። በቀደም ከወዳጆቼ ጋር አንዱ ሥጋ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ስልሳን የተሻገሩ አንዲት እናት ከሚኒባስ ወረዱ። ጂንስ ሱሪ፣ ባለ ሦስት መስመር አዲዳስ ስኒከር፣ ደረቱ ላይ ትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ያለበት ሹራብ፤ በዚያ ላይ ነጠላቸውን ጣል አድርገዋል። አስተናጋጇ ለጓደኛዋ «ዕድሜያቸውን ረሱት እንዴ?» ስትል ሰማን። ከእኛ ጠረጴዛም አንዱ «ጉድ በል ዱከም!» አለና ተሳቀ።

ልብ አድርጉልኝ፤ «ጉድ በል» ያለው ወዳጃችን ስልሳ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የለበሰው ጂንስ ነው። ኮፍያው ላይ የአንድ የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድን ምልክት አለ፤ ከቡድኑ ተጫዋቾች አንዱን ጥራ ቢባል ግን አይጠራም። ዕድሜውን ረሳ ያለው የለም። እንዲያውም «አንተማ አታረጅም!» እየተባለ ይሞገሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር የምናምታታ ይመስለኛል። ልብስ ያምራል አያምርም የዓይን ጉዳይ ነው። ሃያ ዓመት የሞላትም ልጅ የማያምርባትን ለብሳ ትወጣለች፤ ማንም ጉዳዬ አይለውም። «ለዕድሜዋ አይመጥንም» ሲባል ግን ነገሩ ከዓይን አልፎ የፈቃድ ጉዳይ ሆኗል። ፈቃድ ካለ ደግሞ ፈቃድ ሰጪ አለ። ማን ነው እሱ?

በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ፣ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ዘመኑ የሚኒስከርት ነው። ተራማጅ ነን የሚሉት ተማሪዎች ትርኢቱን የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ሊያዩ የመጡትን ሰደቡ፣ አዋከቡ፤ ነገሩ ፖሊስ እስከ መግባት ደረሰ። ለውጥ ይምጣ የሚለው ወጣት የሴት ቀሚስ ከጉልበት በላይ ሲሆን ባህል ጠባቂ ሆኖ ቁጭ አለ። ያኔ ሃያ ዓመት የሆናቸው ሴቶች ዛሬ ሰማንያ ሊደፍኑ ነው። እስቲ የእነሱን ዕድሜ ቁጠሩ። በሃያ ዓመታቸው «ባህል አጠፋሽ» ተባሉ። በሠላሳ አምስት «የልጆች እናት ሆነሽ!» ተባሉ። በስልሳ ደግሞ «ይሄማ የወጣት ነው» ተባሉ። የተፈቀደላቸው ዕድሜ ታዲያ የትኛው ነበር? እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ።

«የወጣት ልብስ» የሚለውም ቢሆን ሲመረመር ብዙ አያስኬድም። ሊቫይ ስትራውስና ልብስ ሰፊው ጃኮብ ዴቪስ፣ ኪሱ እንዳይተረተር በብረት ማያያዣ የተጠናከረውን ሱሪ በአሜሪካ በፈጠራ መብት ያስመዘገቡት በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ከዐድዋ 23 ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። ያሰቡትም ለጉልበት ሠራተኛ እንጂ ለጎረምሳ አልነበረም። የወጣት መለያ ያደረገው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የሆሊውድ ሲኒማ ነው።

በዚህ ጉዳይ በቁም ነገር የሞገተችኝ አንዲት መምህርት ናት። «ልብስ ቋንቋ ነው» አለችኝ። «ነጠላ ሲዘቀዘቅ ሐዘን መኖሩን ማንም ሳይነግርህ ታውቃለህ። ሸማ የለበሰች አሮጊት ታክሲ ስትገባ ወጣቱ ይነሳላታል፤ አማርኛ ተናጋሪው ‹እማማ›፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ‹አዴ› ይላታል። ጂንስ ለብሳ ስትገባ ረዳቱ ‹ጠጋ በይ› ነው የሚላት። ይህን ክብር ለአንድ ሱሪ ብላ ለምን ትጣለው?»

ክርክሯ ቀላል አይደለም። በአገራችን እርጅና ጡረታም፣ በቂ ሕክምናም ላያስገኝ ይችላል፤ «አንቱ» የሚለውን ቃል ግን ያስገኛል። ብዙ ለሌለው ሰው «አንቱ» ትልቅ ሀብት ነው። ስለዚህ «ምን አገባው፣ የፈለገችውን ትልበስ» ብሎ ማለፍ የእሷን ኪሳራ አለመቁጠር ነው። ግን ያ ስልሳ ሁለት ዓመት የሞላው ወዳጃችን በዚያው ጂንሱ ታክሲ ሲገባ «ጋሼ፣ ይግቡ» ነው የሚባለው። ሱሪው አንቱታውን አላስቀነሰበትም። ቋንቋ ከሆነ ታዲያ አንዱን ቃል ለወንድ አንድ፣ ለሴት ሌላ አድርገን እየፈታነው ነው።

ወደ ብራንዱ ልምጣ። ዱከም ለብራንድ ባዳ አይደለችም። ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ጫማ አምራች በ2004 ዓ.ም. በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ሥራ ሲጀምር፣ ጌስን ለመሳሰሉ ስመ ጥር ብራንዶች የሴት ጫማ እየሰፋ ወደ አሜሪካ ይልክ ነበር። ጫማውን የሰፉት የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው፤ እናቶቻቸው ግን ብራንድ የሚያገኙት ወይ ከቦንዳ ነው፣ ወይ ዱባይና ቤይሩት ሠርታ ከምትልክ ልጅ ሻንጣ። እናትየዋ «ይቺን ልጄ ናት የላከችልኝ» ስትል ስለ ብራንድ እያወራች አይደለም። ልጇ ደኅና መሆኗን፣ ደመወዟን መቀበሏን፣ እሷንም አለመርሳቷን ነው የምትነግረን። ከደረቱ ላይ ያለውን ፊደል ማንበብ የማትችል ሴት ሹራቡን እንደ ደብዳቤ ለብሳዋለች። እንዲህ ያለውን ልብስ ለዕድሜሽ አይሆንም ብሎ ማስወለቅ ምን ዓይነት ጨዋነት ነው?

እኔን የሚከነክነኝ ካለ ጽሑፉ ነው። በአማርኛ ተጽፎ ቢሆን ማንም ሰው በአደባባይ የማይለብሰውን ቃል ደረታቸው ላይ አድርገው የሚሄዱ ሰዎች አይቻለሁ። ከእነሱ መካከል ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆችም አሉ፤ እነሱ ደግሞ ያነቡታል። እንግዲህ ይህም የዕድሜ ጉዳይ አልሆነም።

አንዲት የዱከም እናት አውቃለሁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጥቁሩን ቢያወልቁም ከግራጫና ከቡኒ አልወጡም። «ቀይ እወድ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን፣ እንደ ቀልድ። ሦስት ልጆቻቸው ደህና ደህና ሥራ ይዘዋል፤ በየበዓሉ ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ሳጥናቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ዘጠኝ ጋቢ፣ እንደታጠፈ። ባለፈው ፋሲካ አሥረኛው መጣ።