ሚስጥሩ የማን ነው?



በ1895 አሜሪካ ውስጥ፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ አልድሬድ ዋርቲን የሚባል ሐኪም አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረችው። ሴትየዋ ጤነኛ ሆና ሳለ፣ እንደ ዘመዶቿ እሷም በካንሰር ቶሎ እንደምትሞት ነገረችው። እንዳለችውም ሆነ። ጠንቋይ አልነበረችም፤ የሞቱባትን ቆጥራ ነው። ዋርቲን ንግግሯን ሳይንቅ የቤተሰቡን ታሪክ መዝግቦ በ1913 አሳተመው። ከሴትየዋ ንግግር መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ በዚያው ቤተሰብ የሚተላለፈው የተበላሸ ዘረመል ተለየ። ሁኔታው ዛሬ ሊንች ሲንድረም ይባላል።

ሴሎቻችን ሲባዙ የሚፈጠረውን የቅጂ ስህተት የሚያርሙ ዘረመሎች አሉ። ሊንች ሲንድረም ያለበት ሰው ከእነዚህ አንዱን ከወላጁ ተበላሽቶ ወርሷል። ወንድም ይሁን ሴት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ እድሉ 50 በመቶ ነው። የወረሰ ሁሉ አይታመምም፤ ግን በተለይ የትልቁ አንጀትና የማህፀን ካንሰር ስጋቱ ከሌላው ሰው እጅግ ይበልጣል፣ በወጣትነትም ሊመጣ ይችላል። (ከካንሰር ሁሉ በውርስ የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነውና አንድ ዘመድ የታመመበት ሁሉ አይደንግጥ።)

ወደ ቤታችን እንምጣ። የካንሰርን ስም እንኳ አንጠራም፤ "ያ በሽታ" እንላለን። አጎት በ40 ዓመቱ ሲሞት "ሆዱን ታሞ" ይባላል። በሆድ በሽታ የሞተ ሙስሊም የሸሂድ ደረጃ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ይህን አንስቶ ያጽናናል፤ ማጽናኛውም እውነት ነው። ከዓመታት በኋላ አክስትም በዚያው ስትሄድ ግን "በሽታው ምን ነበር?" የሚል አይገኝም።

እስቲ አንተ ተመርምረህ እንዳለብህ አወቅህ እንበል። ከወንድምና ከእህትህ መደበቅ ትችላለህ? "ሲትር ነው" ትል ይሆናል። "የእህቴ ኒካሕ ይበላሻል" ትልም ይሆናል፤ ይህን ፍርሃት አልንቀውም፣ ሰፈራችንን አውቀዋለሁ። ግን ሲትር የሚደረገው ለወንጀልና ለነውር ነው። ከእናት የተወረሰ ዘረመል የእናትም የልጅም ወንጀል አይደለም። ደግሞስ በእህትህ ሰውነት ውስጥ ሊኖር የሚችል ነገር እንዴት ያንተ ሚስጥር ይሆናል? እጅህ ላይ የገባ የእሷ አማና ነው። ካወቀች እንደ ዘረመሉ ዓይነት ከ20ዎቹ ወይም ከ30ዎቹ ዕድሜዋ ጀምሮ በኮሎኖስኮፒ ትልቁ አንጀቷ በየጊዜው ይታያል፤ እብጠት ቢገኝ ካንሰር ሳይሆን ይወጣል። ዝም ካልካት ግን ለኒካሗ ብለህ የሸፈንከው ነገር ልጆቿን እናት ሊያሳጣቸው ይችላል።

"ቀደር ከሆነ ማወቁ ምን ይጠቅማል?" ለሚል፣ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ተመልሰዋል። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከቀደር መሸሽ እንዳይሆን ሲጠይቋቸው፣ መመለሳቸውም ራሱ በአላህ ቀደር ውስጥ መሆኑን አስረዷቸው። ምርመራም እንደዚያው ነው።

አነጋገሩ ግን አደብ ይፈልጋል። ለቅሶ ቤት አይደለም፣ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይም አይደለም። ለብቻዋ፣ መጀመሪያ "ስለ ቤተሰባችን ጤና ያወቅሁት ነገር አለ፣ ልንገርሽ?" ብለህ ነው። "አልፈልግም" ብትልስ? እዚህ ላይ ብዙ አስቤያለሁ። ማስገደድ አይገባህም ባይ ነኝ፤ እንደምታውቅ ግን ታውቃለች፣ በፈለገች ቀን ትጠይቅሃለች። ዝም ያልካት እህትህ ግን ይህ ምርጫ አልነበራትም። ለባዕድ መንገር ሌላ ጉዳይ ነው፤ የኒካሑንም ነገር አንድ ዓሊምና አንድ ሐኪም አማክር።

የዘረመል ምርመራ በአገራችን በቀላሉ አይገኝም። ያቺ ልብስ ሰፊም ላቦራቶሪ አልነበራትም። ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ለአያትህ ወይም ለትልቋ አክስትህ ስትደውል፣ ሰላምታው ሲያልቅ ማን በስንት ዓመቱ፣ በምን እንደሞተ ጠይቅና ጻፈው።